ከ69 ወደ 105 ራንድ፦ የወይን ማሳ ሠራተኞች ደመወዝ በደቡብ አፍሪካ እንዴት ተወሰነ?

የእርሻ ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ሲነሳ ወሬው ቶሎ ብሎ ቁጥር ላይ ይወድቃል። ስንት ይሁን? እርሻው ይችላል ወይ? መጠየቁ ተገቢ ነው። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን ቁጥሩ ከተወሰነ በኋላ የሚመጣው ነገር ነው። እሱን ለማየት የደቡብ አፍሪካዋን የደ ዶርንስን ጉዳይ ያህል ግልጽ ምሳሌ አላውቅም። የሆነው ከ2012 መጨረሻ እስከ 2013 መጀመሪያ ነው። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የሰዎችን፣ የእርሻዎችንና የማኅበራትን ስም አልጠራም፤ ያለ ስም ጉዳዩ በደንብ ይገባል።

ለኛ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይሄ 2011 የኛው ነው) አንቀጽ 55 ላይ ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚቋቋም ይላል። እንዲህ ያለ ቦርድ ጠረጴዛ ላይ ምን ምን እንደሚወድቅ ቀድሞ ማየት አይጎዳም።

ቦታውና ሠራተኞቹ

ደ ዶርንስ በዌስተርን ኬፕ ግዛት፣ በሄክስ ሪቨር ሸለቆ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ኬፕ ታውንን ከጆሃንስበርግ የሚያገናኘው ኤን 1 የተባለው ዋና አውራ ጎዳና በአጠገቧ ያልፋል። ይሄን መንገድ ያዙልኝ፣ በኋላ ይመጣል።

ሸለቆው የገበታ ወይን ነው የሚያመርተው። ለመጠጥ የሚጠመቀውን ሳይሆን እንደ ፍራፍሬ የሚበላውን ማለት ነው። ብዙው በኮንቴይነር ተጭኖ ወደ አውሮፓ ይሄዳል። ሱፐርማርኬቱ የሚፈልገው እኩል መጠን፣ እኩል ቀለም፣ ጭረት የሌለው ፍሬ ነው፤ እንዲህ ያለ ፍሬ ደግሞ ያለ እጅ አይገኝም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ሠራተኛው እያንዳንዱን ዘለላ በመቀስ ያሳሳል። ትንንሾቹን ፍሬዎች ቆርጦ ይጥላል፣ የቀሩት ቦታ አግኝተው እንዲወፍሩ። ቀኑን ሙሉ ክንድን ከትከሻ በላይ አንስቶ መሥራት ነው። ከጥር አካባቢ ጀምሮ ደግሞ ለቀማና ማሸግ ይመጣል። ሁለቱም ቀጠሮ አይሰጡም። ዘለላው በጊዜው ካልሳሳ ዓመቱን ሙሉ የተለፋበት ወይን ለውጭ ገበያ አይበቃም፣ የደረሰውም ካልተለቀመ ይበላሻል።

ሠራተኛው አንድ ወጥ አይደለም። እርሻው ውስጥ በተሰጠው ቤት የሚኖር ቋሚ ሠራተኛ አለ። በከተማዋ ዳር በቆርቆሮ ቤት እየኖረ በየጠዋቱ በጭነት መኪና የሚጫን ወቅታዊ ሠራተኛ አለ። ከኢስተርን ኬፕ፣ ከሌሶቶ፣ ከዚምባብዌ የመጣም አለ፤ ከነዚህ ብዙዎቹ በሠራተኛ አቅራቢ ደላላ በኩል ነው የሚገቡት። በመካከላቸው ያለው ፉክክር ቀላል አልነበረም። በ2009 ወደ 3,000 የሚጠጉ ዚምባብዌያን ከዚችው ከተማ ከመኖሪያቸው ተባረዋል። ርካሽ ሠራተኛ ሌላውን ርካሽ ሠራተኛ ሥራዬን ወሰደብኝ ሲል ማለት ነው። የሠራተኛ ማኅበር አባል የነበረው በጣም ጥቂት ነው፣ ወቅታዊው ደግሞ ጨርሶ የለበትም ማለት ይቻላል።

ሕጉ ምን ይል ነበር

ደቡብ አፍሪካ ለእርሻ ሠራተኞች የደመወዝ ወለል፣ ማለትም ከዚያ በታች መክፈል የማይፈቀድበትን ዝቅተኛ ደመወዝ፣ ያስቀመጠችው በመጋቢት 2003 ነው። ሀገሪቱ ለሁለት ተከፈለች፤ ለከተማ የቀረቡ ወረዳዎች በወር 800 ራንድ፣ የራቁት 650 ራንድ። በኋላ ሁለቱ ወለሎች አንድ ሆኑ። ውሳኔውን የሚያወጣው የሠራተኛ ሚኒስትሩ ሲሆን የሚያማክረው ኮሚሽን አለ። በእርሻ ዘርፍ ማኅበራትና አሠሪዎች በሀገር ደረጃ ተቀምጠው የሚደራደሩበት መድረክ ስላልነበረ ሚኒስቴሩ ይሄን ክፍተት ነበር የሚሞላው።

የመጀመሪያው ወለል ሠርቷል ወይ ለሚል፣ መልሱ ሁለት ፊት አለው። በጊዜው የነበረውን የሠራተኛ ቁጥርና ክፍያ የመረመረ ጥናት ደመወዝ በ17 ፐርሰንት ገደማ እንደጨመረ፣ የጽሑፍ ውል ያለው ሠራተኛም እንደበዛ፣ በሌላ በኩል ግን በእርሻ ላይ የተቀጠረው ሰው ቁጥር በግልጽ እንደቀነሰ አሳይቷል። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን ብቻ እየመዘዘ የሚከራከር ሰው ሲያጋጥማችሁ ሌላውን ጠይቁት።

ከዚያ በኋላ ወለሉ በየዓመቱ መጋቢት 1 ከዋጋ ንረት ጋር እየተሰላ ከፍ ይል ነበር። ወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ችግሩ መነሻው ዝቅ ያለ ከሆነ ስሌቱም ያንኑ ዝቅታ ተሸክሞ ነው የሚሄደው። በመጋቢት 2012 ወለሉ በሰዓት 7.71 ራንድ ደረሰ፤ ለዘጠኝ ሰዓት የሥራ ቀን 69.39 ራንድ ማለት ነው።

ችግሩ

69 ራንድ ቤተሰብ አያበላም። ይሄን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም ነበር፣ ጥናት ግን ተሠርቷል፤ እሱን ቆየት ብዬ አመጣዋለሁ። በዚያ ላይ ወቅታዊው ሠራተኛ ሥራ የሚያገኘው በዓመት ጥቂት ወራት ነው። ቀሪውን ጊዜ በእዳ ነው የሚያልፈው፣ ወቅቱ ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ እዳውን ነው የሚከፍለው። ዓመቱን ሙሉ ለሚሠራ ሰው የወጣ የቀን ሂሳብ ለሱ ምን ያደርግለታል?

ገበሬዎቹም ባዶ ምክንያት አልነበራቸውም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ የመንግሥት የግብይት ድጋፍ ተነስቶባቸዋል፣ ከ2008 ወዲህ የመብራት ዋጋ በየዓመቱ እያሻቀበ ነበር፣ የወይኑን ዋጋ ደግሞ ውጭ ያለው ገዢ ነው በአመዛኙ የሚወስነው። በዚህ ጉዳይ ሁሉ ከጠረጴዛው የቀረው ወገን ይሄው ገዢ ነው። ገበሬና ሠራተኛ ሲጨቃጨቁ፣ መንግሥት መሃል ሲገባ፣ የለንደኑ ሱፐርማርኬት የትም አልተጠራም።

የተወሰዱት እርምጃዎች

ነገሩ የተጀመረው በ2012 ክረምታቸው ማብቂያ ላይ፣ አንድ እርሻ ውስጥ በተነሳ የክፍያ ጠብ ነው። በኅዳር መጀመሪያ ዘለላ የማሳሳቱ ሥራ ሲጧጧፍ ወደ መላው ሸለቆ ተዛመተ። ጥያቄው አጭር ነበር፤ በቀን 150 ራንድ። ከነበረው ከእጥፍ በላይ ነው። ቁጥሩን ያወጣው የማኅበር ጽሕፈት ቤት አልነበረም። በአብዛኛው ከቆርቆሮ ሰፈሮቹ ወቅታዊ ሠራተኞች የመጣ ነው፣ ማኅበራቱ ከኋላ ነው የደረሱት። ለድርድሩ ይሄ ትልቅ እንቅፋት ሆነ። ማኅበሩ ተስማምቶ አድማው ይቁም ቢል የሚሰማው ሁሉም አልነበረም።

በገበሬው በኩልም ተመሳሳይ ነገር አለ። የገበሬዎቹ ድርጅት በአባሎቻችን ስም ስለ ደመወዝ ለመደራደር ውክልና የለንም አለ። በሁለቱም ወገን የሚፈርም ሰው ጠፋ ማለት ነው።

ወይን ማሳ ተቃጠለ። ኤን 1 ተዘጋ። ፖሊስ የጎማ ጥይት ተኮሰ። አድማው ከደ ዶርንስ አልፎ በግዛቱ ወደ ብዙ የእርሻ ከተሞች ሄደ። ሁሉም ነገር እስኪያልቅ ሦስት ሰዎች ሞተዋል። ክፍያው የሚታየውን ያህል ቀላል ጉዳይ አይደለም የምለው ለዚህ ነው፤ አንድ የተረሳ የሂሳብ ቀመር ነው እዚህ ያደረሰው።

መንግሥት ምን አለ? ወለሉ የተከለሰው መጋቢት ላይ ስለሆነ 12 ወር ሳይሞላው እንደገና መንካት ሕጉ አይፈቅድልኝም አለ። ሕጉ የተጻፈው አሠሪው ወጪውን አስቀድሞ እንዲያውቅ ታስቦ ነው፣ ተገቢ ሐሳብ ነው። ግን በሩ ጠርቅሞ ተዘግቶ ነበር፤ ለድንገተኛ ሁኔታ የቀረ መስኮት እንኳ የለም። እናም ኮሚሽኑ በየቦታው የሕዝብ ስብሰባ እየጠራ፣ ሠራተኛውንና ገበሬውን እየሰማ መጋቢትን መጠበቅ ሆነ። አድማው በታኅሣሥ ለጊዜው ቆመ፣ በጥር የለቀማ ወቅት ላይ ተመለሰ፣ በዚያው ወር መጨረሻ አካባቢ ቆመ።

የካቲት 4 ቀን 2013 የሠራተኛ ሚኒስትሯ አዲሱን ወለል ይፋ አደረጉ፤ ከመጋቢት 1 ጀምሮ በቀን 105 ራንድ። በአንድ ጊዜ ከ50 ፐርሰንት በላይ ጭማሪ ነው። ለቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ደግሞ የዋጋ ንረቱ ላይ 1.5 ፐርሰንት እየተደመረ እንዲሄድ ተወሰነ። በዚህ መሠረት በ2014 111.72፣ በ2015 120.32 ራንድ ሆነ።

105 ከየት መጣ?

የጠየቁት 150 ነው፣ የነበረው 69 ነው፣ መሃሉ ወደ 110 ይጠጋል። ስለዚህ ብዙ ሰው ለሁለት ከፈሉት ብሎ ያስባል። እንደዚያ አይመስለኝም። በታኅሣሥ 2012 አንድ የግብርና ፖሊሲ የጥናት ተቋም ናሙና እርሻዎችን ወስዶ ሂሳባቸውን ሠርቶ ነበር። ያገኘው እንዲህ ነው። በነዚያ እርሻዎች አማካይ ክፍያ ያኔውኑ 85 ራንድ ገደማ ነበር፣ ማለትም ከወለሉ በላይ። አማካዩ ከ105 ራንድ ካለፈ ደግሞ ብዙዎቹ የሥራ ማስኬጃ ወጪያቸውን መሸፈን ያቅታቸዋል። ያው ጥናት ሌላም ነገር ተናግሯል። በቀን 150 ራንድ ቢከፈል እንኳ አብዛኛው ቤተሰብ የተመጣጠነ ምግብ መብላት አይችልም።

እነዚህን ሁለት ግኝቶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። እርሻው ከ105 በላይ አይችልም፣ ሰውየው በ150ም አይጠግብም። የትኛውም ቁጥር ሁለቱን አይዘጋም። ሚኒስቴሩ የእርሻውን አቅም መረጠ። በኔ አስተያየት ምርጫው ሊከላከሉለት የሚቻል ነው፤ ያጠፉት የቀረውን ክፍተት ማን እንደሚሞላው ምንም ሳይሉ ማለፋቸው ላይ ነው። ክፍተቱ የሌለ ያህል ተቆጥሮ ፋይሉ ተዘጋ።

ምን ሠራ?

ብር በእርግጥ ጨመረ። ከ2013 በኋላ የተደረጉ ጥናቶች የእርሻ ሠራተኛው ገቢ ማደጉን ያሳያሉ። በሥራ ማጣቱ ላይ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ ትንንሽ እርሻዎች ሰው ቀነሱ የሚል አለ፣ በጥቅሉ ሲታይ የተፈራው ውድቀት አልመጣም የሚልም አለ። ለኔ የሚያሳምነኝ ሁለቱ አይጋጩም የሚለው ነው፤ ትልቁ እርሻ ተቋቋመው፣ ትንሹ ተጎዳ።

የዓመቱ ጭማሪ ቀመር ቀድሞ መታወቁም ረድቷል። ከ2013 እስከ 2016 ገበሬው የሚቀጥለውን ዓመት ወለል በግምት ሳይሆን በስሌት ያውቅ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሀገሪቱ ጥያቄ መቀየሩ ነው። ደቡብ አፍሪካ በጥር 2019 ለሁሉም ዘርፍ የሚሆን ብሔራዊ ዝቅተኛ ደመወዝ ጀመረች፤ በሰዓት 20 ራንድ። የእርሻ ሠራተኛ ከዚያ 90 ፐርሰንት፣ 18 ራንድ ተባለ። ከመጋቢት 2021 ጀምሮ ልዩነቱ ቀርቶ የእርሻ ሠራተኛውም ሙሉው 21.69 ሆነለት። በ2025 ወለሉ 28.79 ራንድ ደርሷል። ከደ ዶርንስ ወደዚህ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር ይከብዳል፣ ግን ያ አድማ ባይኖር የእርሻ ሠራተኛው ከሌላው እኩል ለመሆን በዚህ ፍጥነት ይደርስ ነበር ብዬ አላስብም።

ምን አልሠራም?

እዚህ ጋ ነው ጉዳዩ የሚጥመው፣ ወይም የሚመረው።

ሕጉ አሠሪው ለመኖሪያ ቤት እስከ 10 ፐርሰንት፣ ለምግብ እስከ 10 ፐርሰንት ከደመወዝ እንዲቆርጥ ይፈቅድለታል። ከአድማው በፊት ብዙ እርሻዎች ቤቱን በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ ይሰጡ ነበር፣ መብራትና ትራንስፖርትም እንደዚያው። ወለሉ ሲዘል እነዚህ ሁሉ ቀስ በቀስ ዋጋ ወጣላቸው።

አንድ የደመወዝ ወረቀት እንሥራ። 105 ራንድ በአምስት ቀን 525 ነው። የቤት 52.50 ይቆረጣል። የምግብ 52.50 ይቆረጣል። እጅ ላይ የሚደርሰው 420 ነው፣ ለአምስት ሲካፈል በቀን 84 ራንድ። አስታውሱ፤ ጥናቱ ያገኘው የድሮው አማካይ ክፍያ 85 ነበር። ቀድሞ ቤቱን በነፃ ይኖርበት የነበረና ምግብም ያገኝ የነበረ ሰው አንድም ሕግ ሳይጣስበት እዚያው ነበረበት ቦታ ይመለሳል። ሁሉም ላይ እንዲህ ሆነ እያልኩ አይደለም፤ መንገዱ ግን ክፍት ነበር።

ሕጉ ለቤት ተቀናሹ መስፈርት አለው፣ እሱም በጣም ዝርዝር ነው። ጣሪያው የማያፈስ፣ መስኮቱ መስታወት ያለውና የሚከፈት፣ እርሻው ላይ መብራት ካለ ቤቱ ውስጥም መብራት የገባለት፣ ንጹሕ ውሃ ቤት ውስጥ ወይም ከ100 ሜትር ባልራቀ ቦታ፣ መጸዳጃ ቤት ያለው፣ ስፋቱ ከ30 ካሬ ሜትር ያላነሰ። ግሩም ነው፣ ግን ሜትር ይዞ የሚለካው ማነው? ተቆጣጣሪው ጥቂት ነው፣ እርሻው የተበታተነ ነው፣ የግል ግቢም ስለሆነ ዘው ብሎ አይገባም። ሠራተኛው ራሱ ቢከስስ ደግሞ ቤቱም ሥራውም በአንድ ሰው እጅ ነው። ከሥራ መባረር ማለት ከቤት መውጣት ነው። ከቤት ማስወጣትን የሚገድብ ሕግ ከ1997 ጀምሮ አለ፤ ቢሆንም ሰው ከእርሻ መፈናቀሉ አልቆመም።

ሁለተኛው ቀዳዳ የነፃ ፈቃዱ ነው። ወለሉን መክፈል አልችልም ያለ እርሻ ከወለሉ በታች እንዲከፍል እንዲፈቀድለት ማመልከት ይችላል። ሐሳቡ ልክ ነው፣ በእርግጥ የማይችል አለ። ግን ጭማሪው በአንድ ቀን ስለመጣ ማመልከቻው ጎረፈ፣ እያንዳንዱን ሂሳብ ቁጭ ብሎ የሚመረምር የሰው ኃይል አልነበረም። ቢሮው ሲወዛገብ ሠራተኛው የትኛው ደመወዝ እንደሚገባው ሳያውቅ ወቅቱ አለፈ።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። የቀን ወለል 105 ቢሆንም ሥሩ የሰዓት ክፍያ ነው፣ 11.66። ግማሽ ቀን ሠርተህ ዝናብ ጣለ ቢባል የሚከፈልህ የግማሽ ቀን ነው። ለአንዳንዱ ሠራተኛ የቀኑ ክፍያ ጨምሮ የሳምንቱ ቀናት ቀነሱ። ይሄን ቀዳዳ በከፊል የደፈነው በ2018 የወጣ ሕግ ነው፤ ለሥራ የወጣ ሰው ቢያንስ የአራት ሰዓት ክፍያ እንዲያገኝ ደነገገ። ስድስት ዓመት ገደማ ዘግይቶ ማለት ነው።

አራተኛውን በአጭሩ ልለፈው። አድማውን የመሩት ብዙዎቹ በቀጣዩ ወቅት አልተጠሩም። ወቅታዊ ሠራተኛን ማባረር አያስፈልግም፣ መኪናው ሰፈሩ ሳይቆም ማለፉ ይበቃል።

ለሌላ ቦታ የሚተርፈው

ቁጥሩና ተቀናሹ በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት ይወሰኑ። ቤት፣ ምግብ፣ መጓጓዣ፣ የሥራ ልብስ፣ መቀስ፣ የትኛው ከደመወዙ ይቆረጣል፣ የትኛው አይቆረጥም? ይሄ ካልተዘጋ በአንድ እጅ የተሰጠው በሌላው ይመለሳል። ብሔራዊ ዝቅተኛ ደመወዙን ያቋቋመው የ2018ቱ አዋጅ መጓጓዣን፣ የሥራ መሣሪያንና ምግብን የመሳሰሉ ነገሮች ወለሉን ለመሙላት እንዳይቆጠሩ አድርጓል፤ የቆየው የ10 ፐርሰንት ተቀናሽ ግን ያኔም አልተነሳም።

ወለሉ በሰዓት ይጻፍ፣ ከጎኑ የቀን ዝቅተኛ ሰዓት ይጻፍለት። የቀን ክፍያ ብቻውን ሲሆን አሠሪው ቀኑን ያረዝማል። የሰዓት ክፍያ ብቻውን ሲሆን ደግሞ ያሳጥረዋል። በኪሎ ወይም በሣጥን ለሚከፈለው ሰውም የሰዓቱ ወለል ከሥር መኖር አለበት፣ አለዚያ ደካማው ለቃሚ ከወለል በታች ይወርዳል።

ወቅታዊ ሠራተኛውን የሚወክል ሰው ኮሚሽኑ ውስጥ ይግባ። ማኅበር የቋሚውን ድምፅ ነው የሚያመጣው። እዚህ ጉዳይ ላይ እሳቱ የተነሳው ከወቅታዊው ነው፣ ስብሰባው ላይ ግን ስለሱ የሚናገረው ሌላ ነበር። በደላላ የገባውስ ማን ይከፍለዋል? እርሻውና ደላላው በጋራ ተጠያቂ ካልሆኑ ሁለቱም ወደ ሌላኛው ይጠቁማሉ።

አቅምን የሚለካው ጥናት ከአድማ በፊት ይሠራ። 105ን ያመጣው ሂሳብ በ2011 ሊሠራ ይችል ነበር። ያኔ ቢሠራ ጭማሪው በሦስት ዓመት ተከፋፍሎ ይመጣ ነበር፣ ትንሹ እርሻም ይተነፍስ ነበር፣ የነፃ ፈቃድ ማመልከቻውም እንደዚያ አይከመርም። የቀመር ጭማሪ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን በየጥቂት ዓመቱ መነሻውን ራሱን የሚጠይቅ ክለሳ ያስፈልገዋል። የኑሮ ወጪው ከቀመሩ ከቀደመ ቦርዱ ዓመት ሳይሞላ እንዲሰበሰብ የሚፈቅድ አንቀጽም አብሮ ይግባ፤ ምን ያህል ሲቀድም የሚለው ደግሞ ለሚኒስትር ስሜት ሳይተው በፐርሰንት ይጻፍ።